ዘጠና ዘጠኝ ጠርሙስ

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው «ባለጠርሙሱ» ይለዋል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ መጠጥ ያጠፋው ይመስለዋል፤ አንዳንድ አዲስ ደንበኛማ ሱሪውን ሊያሳጥር አምጥቶ ስሙን ከጎረቤት ሲሰማ፣ የሰውየው እጅ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሰረቅ አድርጎ ሳያይ ጨርቁን አይሰጥም። እሱ ግን ከሻይ የጠነከረ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ጠርሙሶቹ ያሉት ቴሌቪዥን ውስጥ ነው።

ስሙ የወጣለት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ጌም ቤት ውስጥ ነው። ጌም ቤቱ ከአንድ ጸጉር ቤት ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነበር፤ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ። ሌሎቹ ልጆች ኳስ ወይም ቡጢ ይጫወታሉ። እሱ የሚመርጠው ማንም የማይነካውን ጌም ነበር። አንድ ሰው ሰይፉን ታጥቆ አገር ላገር ይዞራል፣ አውሬ ይገድላል፣ በገደለ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፣ መንደር ሲደርስ ሰው ያነጋግራል፣ ካባና ጫማ ይቀያይራል። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ትዕግሥታቸው ያልቅና «ይሄ ልጅ ይጫወታል ወይስ ይሰደዳል?» እያሉ ይስቁበት ነበር። ጀግናው ሲቆስል የሚጠጣው በትንንሽ ጠርሙስ የተሞላ ቀይ መድኃኒት አለ። ልጁ ጠርሙስ ባገኘ ቁጥር ይሰበስባል እንጂ አያስጠጣም። ጠጣ እንጂ ሲሉት «ለክፉ ቀን ይሆናል» ይላል፤ ወዲያው ጀግናው ኮሮጆው መድኃኒት እንደሞላ ተዘርሮ ይሞታል። በዚያው ባለጠርሙሱ ሆኖ ቀረ።

እህቱ በአራት ዓመት ትበልጠዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናታቸው «ሂጂና ጆሮውን ይዘሽ አምጪልኝ» ብላ ላከቻት። ገብታ ከጀርባው ቆመች፤ እንደታዘዘችውም ጆሮውን ያዘች። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ይናገራል፣ ንግግሩም ከሥር በባዕድ ቋንቋ ይጻፋል። ልጁ ከዚያ ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቅም፤ እንደ ልማዱ ሳያነብ ሊያልፈው ሲል፣ እህቱ ጆሮውን ሳትለቅ ቆይ አለችው።

«ሽማግሌው ድልድዩ ተሰብሯል፣ ወንዙን ይዘህ ዙር እያለህ ነው። አንተ የት አባክ ነው የምትሄደው?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጀግናውን ውሃ ውስጥ ሲያሰጥመው የከረመው፣ ለካ አንዲት መስመር የሚያነብለት አጥቶ ኖሯል። ወንዙን ይዘው ዞሩ። ከወንዙ ማዶ ጫካ ነበረ፣ ከጫካው ወዲያ ሌላ መንደር። እናትየው ጠብቃ ጠብቃ በመጨረሻ ራሷ መጣችና የሁለቱንም ጆሮ ይዛ ወጣች።

እህትየው ትምህርቷን ጨርሳ ማተሚያ ቤት በተቀጠረች በዓመቷ አሮጌ የጌም ማሽን ከዚያው ጌም ጋር ገዝታ ይዛ ገባች። በእጅ ይዘው ከሚጫወቱባቸው ሁለት ጆይስቲኮች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ሥራውን ተከፋፈሉ። ሰይፉ የእሱ፣ ንባቡ የእሷ። ጀግናው ደረጃ ባደገ ቁጥር የሚሰጠውን ነጥብ የምትደለድለው እሷ ነበረች፤ እሱ ሁሉንም ጉልበት ላይ እንድታደርገው ይለምናታል፣ እሷ ግማሹን ዕድል ላይ ትጥለዋለች። «ዕድል የሌለው ጉልበተኛ ሸክም ተሸካሚ ነው» ትለዋለች። ልብሱንም የምትመርጠው እሷ ነበረች። የብረት ራስ ቁሩን አውልቃ ቀይ ባርኔጣ ታደርግለታለች፤ ምነው ሲላት፣ የሚሞት ሰው ቢያንስ አምሮበት ይሙት ትላለች። የአገሩን ካርታ ከማተሚያ ቤት በምታመጣው የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ሥለው ግድግዳው ላይ ለጥፈውት ነበር።

ልብስ ሰፊነቱም ከዚያው የመጣ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። የጀግናው ካባ ሲሮጥ በእግሩ መሀል ያልፋል፤ እንደ ጨርቅ አይታጠፍም፣ እንደ ጭስ ሰንጥቆ ይወጣል። ልጁን ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳው ነበር። ጨርቅ ሰው ላይ እንዴት ነው የሚወድቀው? የመንገደኛውን ሁሉ ኮት ጫፍ ሲከተል ውሎ፣ በመጨረሻ አንድ አዛውንት ሰፊ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። አዛውንቱ ለሦስት ወር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ አሰፉት። ሌላው ተለማማጅ ሰልችቶት ሄደ፤ እሱ ግን አልሰለቸውም። ደካማ አውሬ የሚርመሰመስበት ሜዳ ላይ ያንኑ አውሬ ሺህ ጊዜ ገድሎ ደረጃ ያሳደገ ሰው፣ ቀጥ ያለ መስመር ምን ያደርገዋል?

ሁለት ዓመት ከተጫወቱ በኋላ የመጨረሻው በር ላይ ደረሱ። በሩ ጥቁር ነው፤ ከጀርባው የመጨረሻው ጭራቅ አለ። የደረሱበትን ቦታ ማሽኑ በሚይዝበት ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ ሴቭ አድርገው ለእሁድ ቀጠሩት። በዚያው ሳምንት የእህትየው የሠርግ ቀን ተቆረጠ፣ እሁዱም ሌላ ሥራ ወጣበት። በሄደችበት ጠዋት ሻንጣዋን መኪና ላይ ሲጭን ዐይኑ እንባ ማቅረሩን አየችና ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለችው።

«እኔ ሳልኖር እንዳትጨርሰው። መጥቼ አብረን እንገባለን።»

ይህ ከሆነ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈው።

የሄደችበት ከተማ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነው። ለእናታቸው ቀብር መጣች፤ በዚያ ቀን ደግሞ ማን ስለ ጌም ያወራል። ልጆች ወለደች፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ገባች። እሱ እናቱ ቤት ቀረ፣ አላገባም፣ ከመንገዱ ጥግ የራሱን ሱቅ ከፈተ። በዓመት ሁለቴ ቢደዋወሉ ነው፤ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ከዚያ አንዱ «በል እሺ» ይላል።

ጌም መጫወቱን ግን አልተወም። ዛሬ አልጋው ራስጌ ካለው መደርደሪያ ላይ አዳዲስ ማሽኖችም አሉ። የዘንድሮ ጀግና ካባው እንደ እውነተኛ ሱፍ ይታጠፋል፤ ስፌቱ ሳይቀር ይታያል፣ አንዳንዴ ጀግናውን አቁሞ ትከሻውን ብቻ ሲመለከት ይቆያል። አያጣጥላቸውም። ግን አሁን ከጀግናው ራስ በላይ ቀስት አለ፤ ወዲህ ሂድ፣ ወዲያ ታጠፍ፣ እዚህ ጋ ቆፍር ይላል። ሰው መጠየቅ ቀርቷል። መሳሳት ቀርቷል። በፊት አንድ ጌም ማለት አንድ አገር ነበር፤ መንገዱን በእግርህ ታውቀዋለህ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትለማመዳለህ፣ ከዚያ ዋሻ ውስጥ ስንት ጊዜ ሞቼ ነበር ብለህ በኩራት ታልፋለህ። ዛሬ አገሩ ሰፍቷል፣ እሱ ግን እንግዳ ሆኖ ያልፍበታል። ይህን ለደንበኞቹ ሊያስረዳ ሞክሮ ያውቃል። የእጅጌ ልክ እየለካ ጀምሮ፣ ሰውየው ሰዓቱን ሲያይ አቁሟል።

አሮጌውን ማሽን የሚከፍተው በዓመት አንዴ ነው። ካርዱ ይነበባል፣ ጀግናው ቀይ ባርኔጣውን እንዳደረገ በሩ ፊት ቆሟል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ጥቂት ያየውና ያጠፋዋል።

ዘንድሮ ሲከፍተው ግን ማሽኑ ካርዱ ባዶ ነው አለ። ነቅሎ በጥጥ ጨርቅ ወልውሎ መለሰው፤ አሁንም ባዶ። በሦስተኛው አነበበ። በማግስቱ ካርዱን በመሐረብ ጠቅልሎ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኙ ዘንድ ሄደ። ጠጋኙ በማጉያ መነጽሩ አየው፣ አሽተተው፣ ወደ ሌላ ካርድ ሊቀዳውም ሞከረ። የጌሙ ሰሪዎች ሴቩ እንዳይቀዳ አድርገው ዘግተውታል፣ አይሆንም አለው።

«ካርድህ እንግዲህ እንደ እርጅና ነው» አለ ጠጋኙ። «አንድ ቀን ያውቅሃል፣ አንድ ቀን አያውቅህም። ጉዳይ ካለህ ሳይውል ሳያድር ጨርስ።»

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ቢነግረው ይስቅበታል። ካርዱ እህቱ ሳትመጣ ከሞተ ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቀው ነገር ውሃ በላው ማለት ነው። ብቻውን ገብቶ ቢጨርሰውስ? ያንን ማድረግማ ከምንም በላይ የሚከብደው ነገር ነበር። መደወል ነው ያለው። ሁለት ቀን ሙሉ የሚለውን እያጠና፣ ገበር የሌለው ኮት ላይ ገበር ሰፍቶ፣ ገበር ያለውን ቀድዶ፣ በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደወለ።

«ማን ሞተ?» አለች እህትየው ገና ስልኩን ስታነሳ።

ማንም እንዳልሞተ ነገራት። አላመነችውም። ታምመህ ነው? ቤቱን ሊያፈርሱት ነው? ብላ አፋጠጠችው። በመጨረሻ «ጌሙ ነው፣ እትዬ» አላት።

ከጀርባዋ የካርድ ክፍሉ ሰዎች የታካሚ ስም ሲጠሩ ይሰማል።

«የቱ ጌም?»

ያቺ ጥያቄ እንደ መርፌ ጣቱ ውስጥ ገባች። ቢሆንም ካርዱ ሊሞት እንደሆነ፣ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ጠጋኙ ያለውንም ሳይቀር ዘረዘረላት። እህትየው ሰምታ ስታበቃ፣ መቼም የሚጠብቡና የሚያጥሩ ሦስት ቀሚሶች አሉኝ፣ እሁድ ይዤ እመጣለሁ አለችው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለቀሚሶቹ ነው የምትመጣው ወይስ ለጌሙ የሚለውን ሲያብሰለስል ዋለ።

እሁድ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ወፍራለች፣ ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷን ትይዛለች፣ የማንበቢያ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቤቱን ዞራ አየችው፤ መጋረጃው የእናታችን አይደለም ወይ አለች፣ ነው አላት። ቀሚሶቹን ለካ፣ ወገባቸው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለከቱ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እሱ እንደ ድሮው መሬት። ካርዱ በመጀመሪያው አልተነበበም። በሁለተኛውም። በአራተኛው ጀግናው ብቅ አለ።

እህትየው መነጽሯን አደረገችና ትን እስኪላት ሳቀች። «ኧረ በፈጠረህ፣ ማነው እንዲህ ያለበሰው?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ? አረንጓዴ ጫማ በቀይ ባርኔጣ?» ኮሮጆውን እንዲከፍት አዘዘችው። ከፈተ። ቀይ ጠርሙስ፣ ዘጠና ዘጠኝ። ጌሙ ከዚያ በላይ መያዝ አይፈቅድም። «ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለክፉ ቀን ነዋ።»

አሁንም ሳቀች። እሱም የሳቋን ሙቀት አገኘና፣ ያን ጠዋት መኪናው ጋ ያልሽኝን ይኸው ጠብቄአለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ በሩን ከፍቼ አላየሁም አላት። የሚያስፈልገው እሷም አዎ ማለቷ ብቻ ነበር። እህትየው ግን ግንባሯን ቋጥራ አሰበች፤ እውነቷን ነው ያሰበችው።

«ምን ብዬህ ነበር?» አለችው።

ነገራት። አላስታወሰችውም። ሻንጣውን ታስታውሳለች፣ የመኪናውን ቀለም ታስታውሳለች፣ ቃሉን ግን አላስታወሰችውም። ልብስ ሰፊው ተነሣና ጥግ ላይ ወዳለው መስፊያ መኪናው ሄደ። ጀርባውን ሰጥቷት ሥራ እንዳለው ሰው የክር ጥቅል ያገላብጥ ጀመር። ሆዱ ባብቶ ነበር፤ ደግሞም አፈረ። በአርባ አንድ ዓመቱ፣ ጢሙ ሽበት አብቅሎ፣ በጌም የሚያኮርፍ ሰው ከየት ይገኛል?

እህትየው ተከትላው አልተነሣችም። ከተቀመጠችበት ነው የተናገረችው።

«ያን ቀን ብዙ ነገር ብያለሁ፣ ወንድምዓለም። ለእማዬም በየወሩ እመጣለሁ ብያታለሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መኪናው እየጠበቀኝ፣ ሁላችሁም እያለቀሳችሁ። ያገኘሁትን ነው ያልኩት። እማዬ ያልኩትን ይዛ ጠብቃኝ ኖሮ እንደሆነ አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም። አንተ መጠበቅህንም ብትነግረኝ እኮ እመጣ ነበር። ሦስት ሰዓት መንገድ ነው።»

ይህን እሱ አስቦት አያውቅም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ መጠበቁን እንጂ፣ የሚጠበቀው ሰው እየተጠበቀ መሆኑን እንደማያውቅ አላሰበም። የክሩን ጥቅል አስቀመጠ።

«በል ና» አለችው፣ «ካርዱ ሐሳቡን ሳይቀይር።»

በሩን ከፈቱ። ጭራቁ በጠበቁት ልክ አስፈሪ አልነበረም፤ የዘመኑን ላየ ሰው የካርቶን ክምር ይመስላል። ምቱ ግን ምት ነው። ልብስ ሰፊው እጁ አልረሳም፣ ይሸሻል፣ ይመታል፣ ይሸሻል። የጀግናው ነፍስ ወደ ግማሽ ወረደ። እህትየው ጠጣ አለችው። ቆይ አላት። ወደ ሩብ ወረደ። ጠጣ እንጂ አለችው። ገና ነው፣ ይሄ እኮ ሁለተኛ መልክ ሊኖረው ይችላል አላት። ቀጥሎ ጭራቁ ጅራቱን አዞረና ጀግናው ከነባርኔጣው ተዘረረ።

እህትየው ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ዘጠና ዘጠኝ ጠርሙስ ታቅፈህ ሞትክ? ከዚህ የከፋ ቀን መቼ ሊመጣልህ ነው?»

እሱ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለው። ከሞቱ በኋላ ወደ በሩ ለመመለስ ካርዱ እንደገና መነበብ አለበት። ሞከረ፤ ባዶ። ወለወለው፤ ባዶ። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። እህትየው ካርዱን ከእጁ ወሰደችና ሆስፒታል ውስጥ አሮጌ ፋይል እንደምትይዘው በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ትንፋሿን እፍ አለችበት፣ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችው፣ ቀስ አድርጋ አስገባችው። ተነበበ። ሁለተኛ ዕድል እንጂ ሦስተኛ እንደማይኖር ሁለቱም ገብቷቸዋል።

እህትየው ጉልበቷን ይዛ ወረደችና መሬት፣ ከጎኑ ተቀመጠች። «አንተ ተዋጋ» አለችው፣ «የጠርሙሱን ቁልፍ እኔ ነኝ የምይዘው።» አውራ ጣቷን ከጆይስቲኩ ቀኝ በኩል፣ ከእሱ ጣት በላይ ባለችው ቁልፍ ላይ አሳረፈች። ልብስ ሰፊው ጣቱን ጠጋ አድርጎ ቦታ ለቀቀላት።

ገቡ። ጀግናው ትንሽ በቆሰለ ቁጥር እህትየው ትጫናለች፤ ገና ሲቧጨር አንድ ጠርሙስ፣ ሳይቧጨርም አንድ ጠርሙስ። ዘጠና፣ ሰማንያ፣ ሰባ። እያንዳንዱ ሲወርድ የእሱ ጥርስ ይፋጫል። ጭራቁ ወደቀ፣ እሱ እንደፈራውም በሌላ መልክ ተነሣ፤ አሁን ክንፍ አለው። «ይኸው ብዬሽ ነበር» አለ። «ይኸው ጠጣ» አለች። ሃምሳ። አርባ። ክንፉ መሬት ሲነካ ሁለት ጊዜ መምታት እንደሚቻል እሱ ደረሰበት፤ ከመነሣቱ በፊት በስተግራ እንደሚያዞር እሷ አየችበት። ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ፣ እሱ ወዲህ ሲያዘነብል እሷም አብራ እያዘነበለች፣ ኮሮጆው ውስጥ አሥራ አራት ጠርሙስ ሲቀር ጭራቁ ተሰነጣጠቀና እንደ አመድ በነነ።

ጀግናው ወደ መጀመሪያው መንደር ሲመለስ ታየ። ሙዚቃው ተነሣ፣ የሰሪዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ልብስ ሰፊው ይህን ሰዓት ሲያስበው ሁልጊዜ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር የሚበጠስ ይመስለው ነበር። አሁን ግን የሚሰማው የእህቱ ትንፋሽ ነው፤ ደረጃ እንደ ወጣች ሰው ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ስሞቹ አልቀው ማሽኑ ሴቭ ላድርግ ወይ ብሎ ጠየቀ። እሺ አለው። ካርድ የለም አለ። ደግሞ ሞከረ። ካርድ የለም። ሦስተኛ ሊሞክር ሲል ጣቱ ቆመ፤ ምን ሊያስቀምጥ ነው? ማሽኑን ራሱ አጠፋውና የሚበላ ነገር ሊያቀርብላት ተነሣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሸኛት። ቀሚሶቹን ጨርሶ በአውቶቡስ ሊልክላት ተስማሙ። መንገዱን ሁሉ ሲከራከሩ ነው የሄዱት። እሷ ያ ሁለተኛው ገና ሲነሣ ወደ ግራ ብትሸሽ ኖሮ ሃያ ጠርሙስ ይተርፍ ነበር ትላለች፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ ጠርሙስ በመቆጠብ አንቺ ልትመክሪኝ ነው ይላታል። ወረፋ ላይ የነበሩ አንዲት እናት እህትየው «ሁለተኛው ሲሞት አንተ አጠገቡ ነበርክ?» ስትለው ሰምተው ነፍስ ይማር አሏቸው። እህትየው አመስግና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሳቋ ግን በትከሻዋ ይታይ ነበር።

ክርክሩ ሳያልቅ አውቶቡሱ ተነቃነቀ። በመስኮቱ ብቅ ብላ በአውራ ጣቷ አየሩን እየተጫነች የሆነ ነገር ነገረችው፣ በሞተሩ ድምፅ አልሰማትም።

ወደ ቤቱ እየተመለሰ ፍልሚያውን እንደገና በልቡ ተዋጋው። ወደ ግራ ያልሸሸው በስተግራ የተሰበረ ምሰሶ ስለነበረ ነው፤ እሷ መነጽሯ ወርዶ ስለነበር አላየችውም። ይህን እንዴት እዚያው አልነገራትም? የቤቱ በር ጋ ሲደርስ ቁልፉን ትቶ ስልኩን አወጣና ደወለላት። አውቶቡሱ ገና ከከተማው አልወጣም።

«ምሰሶ ነበረ» አላት።

«የለም» አለችው፣ «እኔ እኮ አይቻለሁ፣ ከምሰሶው በፊት ነው መሸሻው።»

በሩ ላይ ተደገፈና ማስረዳት ጀመረ።